የሌሊት ተረኞች

ስሙኝማ፣ የጋይንት ሰዎች! የስማዳና የእስቴ ልጆች፣ እናንተም ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የባሕር ታሪክ ነው። ባሕር መቼ አየንና ብላችሁ እንዳትሸሹኝ። ታሪኩ የባልና የሚስት ነው፣ የሽምግልና ዕድሜ ነው፣ የእገታም ነው። ከሦስቱ አንዱን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ዕለቱ ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ ሚካኤል። በጉና ግርጌ ገብሱ ነጥቶ ማጭድ የሚጠብቅበት ሰሞን። ከዚህ እጅግ ርቆ፣ ከምድር ወገብ በታች፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ሲሸልስ የምትባል የደሴቶች አገር አለች። ከዋናዋ ደሴት ከማሄ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ መልሕቋን አንሥታ ወጣች። ስሟ ሊን ራይቫል ነው። ርዝመቷ 38 ጫማ ነው፣ 12 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፊቷን ያዞረችው ወደ ታንዛኒያ ነው። የጫነችው ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት።

ባል ፖል ቻንድለር ይባላሉ፣ ሚስት ሬቸል ቻንድለር። እንግሊዛውያን ናቸው፣ አገራቸው ኬንት ውስጥ ያለችው ተንብሪጅ ዌልስ ናት። አቶ ፖል ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ፣ ወይዘሮ ሬቸል የምጣኔ ሀብት ባለሙያ። እርሳቸው ወደ 60 ተጠግተዋል፣ እርስዋ 50ን ተሻግረዋል። ሥራው በቃን ብለው ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ ጀልባዋ አዛወሩ። በሜዲትራኒያን ተጓዙ፣ ቀይ ባሕርን ወርደው ወጡ፣ ሕንድ ውቅያኖስን ያዙ። እንዲህ ሆነው ሲሸልስ ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሰው በዚያ ዕድሜው ቤቱን ትቶ ምን ሊያደርግ ውሃ ላይ ይወጣል ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ በእኛም አገር ልጆቹን ድሮ፣ መሬቱን አከፋፍሎ የጨረሰ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር ይመካከርና ቆብ ይደፋል። አንዳንዱ ከነቆቡ በቤቱ ይኖራል፣ አንዳንዱ የሞቀ ቤቱን ትቶ ወደ ገዳም ይሄዳል። ጋይንት ድጓ የሚመሰከርበት የቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት የዙር አባ አገር ናት፤ በእርጅና ዘመን ዕቃን ቀንሶ፣ ጎጆን አጥብቦ መኖር ምን እንደሆነ ለጋይንት ሰው ማስረዳት አይገባኝም። የእነዚህኞቹ መንገድ ሌላ ነው። የሚያገናኘን ግን አለ። ሁለት ሰዎች፣ ዓለም ከእንግዲህ አትፈልጋችሁም ልትላቸው ስትዘጋጅ፣ ቀድመዋት የራሳቸውን መንገድ መረጡ።

ይህን ኑሮ የጀመሩትም እነርሱ አይደሉም። ኤሪክና ሱዛን ሂስኮክ የሚባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ዋንደረር ሦስት በምትባል 30 ጫማ በሆነች ጀልባ ዓለምን ዞሩ። ኤሪክ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ እጅግ ደካማ ነበር። በዚያ ዓይን መሬትን ዞሩና መጽሐፍ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ባልና ሚስት ያንን መጽሐፍ እያነበበ ተከተላቸው። ጡረታ ሲወጣ ቤቱን የሚያከራይ፣ የሚሸጥ፣ በጡረታ ገንዘቡ ከወደብ ወደብ የሚኖር ሰው በየውቅያኖሱ በዛ።

ኑሮው ምን ይመስላል? ይህን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሩቅ ሲያዩት መዝናናት ይመስላል።

ውሃ መካከል ተቀምጠው ውሃ ይቸግራቸዋል። የባሕሩ ጨው ነውና አይጠጣም። ጣፋጩ ውሃ በታንከርና በጀሪካን ተይዞ በኩባያ ይቆጠራል። በበጋ ከምንጭ ውሃ የቀዳች የታች ጋይንት ሴት ይህን ሒሳብ ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። ሳሕኑ በባሕር ውሃ ይታጠባል፣ ገላም እንዲሁ፤ ጣፋጩ ለማለቅለቂያ ብቻ ይፈስሳል። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ወይም ጨርቅ ይወጠርና ጠብታው ወደ ጀሪካኑ ይወርዳል። ድንችና ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመንና እንቁላል የሚገዙት ብዙ ቀን ስለሚቆዩ ነው። እንቁላሉ እንዳይበላሽ በየጥቂት ቀኑ ይገላበጣል። ከጀልባዋ ኋላ የሚጎተት መንጠቆ ዓሣ ሲይዝ የዚያን ቀን ድግስ ነው። በጠዋት ሲነሡ ደግሞ በሌሊት ዘሎ የወደቀ ባለ ክንፍ ዓሣ በጀልባዋ ወለል ላይ ያገኛሉ።

ምድጃው በማጠፊያ ተንጠልጥሎ ከጀልባዋ ጋር ይወዛወዛል፤ ጀልባዋ ብትዘምም ድስቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚተኛውም ሰው ከመኝታው እንዳይወድቅ በጎኑ ጨርቅ ይወጠርለታል። ፀሐይና ጨው ሁሉን ይበላሉ። ገመድ ይበጠሳል፣ ሸራ ይቀደዳል፣ ብረት ይዝጋል። ስለዚህ ባልም ሚስትም መርፌ ይይዛሉ፣ ባልም ሚስትም ቁልፍ ይፈታሉ። ሞተሩ ሲቆም የሚጠራ መካኒክ የለም፣ ሰው ሲታመም የሚሮጥበት ጤና ጣቢያ የለም። ጀልባዋ ሌሊትና ቀን ሳታቋርጥ 24 ሰዓት ብትሄድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ነፋስ መውጫን ጥቂት እንደማለፍ ያህል። አውቶቡስ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን እነርሱ በሙሉ ቀንና ሌሊት ይሄዱታል፣ መሬት ሳያዩ ሳምንት ያልፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌሊቱ ነው። ጀልባ በመካከለ ውቅያኖስ መልሕቅ አይጥልም፤ ጥልቁ ገመድ አያደርሰውም። ጉዞው አይቆምም፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ተኝቶ አያድርም። አንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ሲተኛ ሌላው ይቀመጣል፣ ነፋሱን ያያል፣ የትልልቅ መርከብ መብራት ይመለከታል፣ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ከዚያ ይቀሰቅስና ይተኛል። በእስቴና በስማዳ ቆላ ማሽላው ሲደርስ ባልና ሚስት ማማ ላይ ተራ እየገቡ ከአውሬ እንደሚጠብቁት ነው። እኔ ይህን የተራ ነገር ሳስበው ትልቅ ሆኖ ይታየኛል። ዓይኑን የሚከድነው ሰው የሚከድነው ሌላኛው ዓይኑን ስለገለጠ ነው። እንዲህ ብለው ዓመታት የኖሩ ባልና ሚስት ምን ዓይነት ባልና ሚስት እንደሚሆኑ አስቡት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ነፋስ ልንገራችሁ። ለእኛ ነፋስ ማለት ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢ የሚያስጠቀልል ብርድ ነው። ውሃችንም ቢሆን ጀልባ አያውቅም። ስማዳን አባይ በአንድ ወገን፣ በሽሎ በሌላው ወገን ከበውታል፤ እስቴም ወደ ጎጃም የሚመለከተው በአባይ ላይ ነው። ይሁንና ውሃው በገደል ውስጥ ያገሳል እንጂ ሰው አይሸከምም። ሰባራ ድልድይን አስታውሱ። ከአፄ ፋሲል ዘመን የቆየው ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከእስቴ ወገን ወደ ሞጣ የሚሻገር ሰው ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ስንት ዓመት ኖረ! ይህ የእኛ የውሃ ልምድ ነው፣ መሻገር። ጉና ላይ የወረደው ዝናብ ግን በርብና በጉማራ ጣና ይገባል፣ በአባይ ይወጣል፣ ሜዲትራኒያን ድረስ ይወርዳል። ሊን ራይቫል ሜዲትራኒያን ላይ ስትንሳፈፍ ከጉና የወረደ ጠብታ በሥሯ አልነበረም የሚል ይምጣ።

በሕንድ ውቅያኖስ ነፋሱ እንደ ወቅቱ ይገለበጣል፤ ሞንሱን ይሉታል። እኛ ክረምት ገብቶ በሐምሌ ስንርስ፣ በሶማሊያ ጠረፍ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፣ ባሕሩም ይናወጣል። በእኛ በጋ፣ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። የዓረብ፣ የሕንድና የአፍሪካ ነጋዴዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ይህን ጠብቀው ይሄዱና ይመለሱ ነበር፤ የአክሱም ወደብ አዱሊስም ከዚሁ ንግድ ይኖር ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ በጥቅምት ገደማ ነፋሱ የሚያርፍበት፣ ባሕሩ ለጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ሲሸልስም ብርቱው አውሎ ነፋስ ከሚመላለስበት መንገድ ወጣ ብላ ስላለች ጀልበኞች ይወዷታል። ረጋ ብሎ መሄድ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት ጥቅምት መልካም ነው።

ለሌላም ሰው መልካም ነው። የባሕር ወንበዴ የሚወጣው በትንሽ ፈጣን ጀልባ ነው፣ ማዕበል ሲኖር አይችልም። ባሕሩ ሲረጋ ይወጣል። ሶማሊያ በ1983 መንግሥቷ ከፈረሰ በኋላ ጠረፏ ባለቤት አጣ፤ የውጭ መርከቦች ገብተው ዓሣዋን አፈሱ፣ የጠረፉ ሰው መሣሪያ አነሣ፣ ኋላም ጉዳዩ ከዓሣ ወጥቶ ሰውን ሸቀጥ የማድረግ ንግድ ሆነ። ከ2000 እስከ 2003 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዓለምን አስጨነቀ።

እንግዲህ ጥቅምት 13 ሌሊት ሆነ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከማሄ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀዋል። ተራው የወይዘሮ ሬቸል ነው። አቶ ፖል ተኝተዋል። በጨለማው ውስጥ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሁለት ትንንሽ ጀልባዎች ደርሰው ወደ ላይ ወጡ። የአደጋ ምልክት የሚያሰራጨው መሣሪያ ተነካ፣ ምልክቱም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ሁለት ሽማግሌዎች መሣሪያ በያዙ ጎረምሶች መካከል ቀሩ።

ጀልባዋን ወደ ሶማሊያ አስነዷቸው። ከጠረፉ ሳይደርሱ በፊት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ረዳት መርከብ ዌቭ ናይት ደረሰችባቸው። ቅርብ ነበረች፣ ታያቸው ነበር። ግን ብትተኩስ ባልና ሚስቱ ይሞታሉ። ስለዚህ አልተኮሰችም፤ ወንበዴዎቹ ሁለቱን ከሊን ራይቫል አውርደው ኮታ ዋጃር ወደምትባል ቀድመው ወደያዟት የጭነት መርከብ ሲያዛውሯቸው ዓይኗ እያየ ሄዱ። በዚያ ተቆጥቶ የጻፈ ብዙ ነው። እኔ ግን ጣቱን ከቃታው ላይ በመለሰው ሰው አልፈርድም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁን ሌላ ታሪክ ስትሰሙ እናንተም አትፈርዱ ይሆናል።

ከኮታ ዋጃር ወደ መሬት ወረዱ። የሚኖሩት በቁጥቋጦ መካከል፣ በድንኳን፣ በሐሩር ውስጥ ሆነ፤ በመኪና ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ። የተጠየቀው ገንዘብ 7 ሚሊዮን ዶላር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለአጋች አልከፍልም የሚል መመሪያ አለኝ አለ። ወንበዴዎቹ ነጭ ሁሉ ባለጠጋ መስሏቸዋል፤ እነዚህ ግን ኩባንያ የሌላቸው፣ ከኋላቸው ኢንሹራንስ የማይቆም፣ ያላቸውን በአንዲት ጀልባ ላይ የጣሉ ጡረተኞች ናቸው። ከስልኩ ማዶ ቁጭ ብሎ የሚደራደረው የወይዘሮ ሬቸል ወንድም ሆነ። የእኅትን ነፍስ በስልክ መገበያየት ምን እንደሆነ ዛሬ በእኛ አገር የሚያውቅ ስንት ቤት አለ! መንገደኛን ከመኪና አውርዶ ማገት፣ ገበሬውን በሬህን ሽጠህ ክፈል ማለት፣ ለአንድ ሰው ማስለቀቂያ ቀበሌው በሙሉ እያዋጣ መራቆት ባለፉት ዓመታት በክልላችን የምናውቀው መከራ ነው። ለዚህ ነው ይህን የሩቅ ሰዎች ታሪክ የሩቅ አድርጌ ልነግራችሁ ያልቻልሁት።

በጥር 2002 የሆነውን ስሙኝ። ወንበዴዎቹ ባልና ሚስቱን ሊለያዩ መጡ። ለየብቻ ቢያዙ ቤተሰብ ይበልጥ ይጨነቃል፣ ገንዘቡ ይፋጠናል ብለው ነው። እስከዚያ ቀን የተባሉትን ያደርጉ ነበር፤ ተነሡ ሲሏቸው ተነሥተዋል፣ ሂዱ ሲሏቸው ሄደዋል። በዚያን ቀን ግን እንቢ አሉ። ተያያዙ። አንላቀቅም አሉ። ተገረፉ። ወይዘሮ ሬቸል በጠመንጃ ሰደፍ ተመቱ፣ ጥርሳቸው ወለቀ። በመጨረሻ ጉልበት ያለው አሸነፈና ለያዩዋቸው። ለሦስት ወር ያህል አንዱ የሌላውን መኖር ሳያይ ቆየ።

ያዙልኝ ያልኋችሁን አሁን አምጡት። እነዚህ ሰዎች በአንድ ክፍል በማታክል ጀልባ ላይ፣ አንዱ በሌላው ዓይን እየተማመነ የሚተኛ ኑሮ የኖሩ ናቸው። ጠመንጃው፣ ረሃቡ፣ ሐሩሩ ያላስነሣቸውን መለያየት አስነሣቸው። እኔ እንደማምነው የባሕር ኑሮ ያተረፈላቸው ትልቁ ሀብት ይህ ነበር፣ አጋቾቹም ሳያውቁት ያገኙት ብቸኛው ዋጋ ያለው ነገር እሱ ነበር። ለብቻቸው በቆዩበት ጊዜ ወይዘሮ ሬቸል በሐሳብ እጅግ ተጎዱ፣ ሞትን እስከ መመኘት ደረሱ። በዚያው በጥር ወር ያዩዋቸው አንድ ሶማሊያዊ ሐኪም መታመማቸውን ለዓለም ተናገሩ። ያ ሐኪም በዚያ ምድረ በዳ፣ ጠመንጃ በከበበው ቦታ፣ የሐኪም ቃል ተናግረው መውጣታቸው ሊታወስላቸው ይገባል።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን መልሰው አገናኟቸው። በሰኔ 2002 ቤተሰቡ የቻለውን አሰባስቦ፣ እንደተዘገበው 440 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ከአውሮፕላን ወረደላቸው። ገንዘቡን ወሰዱ፣ ሰዎቹን አልለቀቁም። በእገታ ከሚደረገው ሁሉ ክፉው ይሄ ነው፤ የተከፈለው ዋጋ ሆኖ ሳይቆጠር መቅረቱ። በዚያው ክረምት የአቶ ፖል አባት ወደ መቶ በተጠጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ልጅ አባቱን አልቀበረም፣ መርዶውንም የሰማው ነጻ ከወጣ በኋላ ነው።

መዳን የመጣው ከሶማሊያ ሰዎች ነው። ይህንን ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በእንግሊዝ የሚኖሩ ሶማሌዎች እነዚህ ሽማግሌዎች ይለቀቁ፣ በስማችን አይደረግ ብለው ሰልፍ ወጡ፣ በየሬዲዮው ለመኑ። ከእነርሱ አንዱ በለንደን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ዳሂር ካዲዬ ነው። ትውልዱ ከዚያው አጋቾቹ ካሉበት አገር ነው፤ ተነሥቶ ሄደ፣ ተመላለሰ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ያዘ፣ ነገሩን በጎሣ ወግ አስገባው። ተጨማሪ ገንዘብም ተከፈለ። መንግሥትና መርከብ ያልፈቱትን ነገር ዘመዱን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ፈታው። ሽምግልና ለለመደ አገር ይህ ግልጽ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በአቦ ዕለት፣ አዳዶ በምትባል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በምትጠጋ የሶማሊያ ከተማ ተለቀቁ። የታገቱበት ጊዜ 388 ቀን ሆነ። ከዚያ ወደ መቋዲሾ በረሩ፤ የተቀበሏቸው በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ኋላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እኛም በደንብ ያወቅናቸው መሐመድ አብዱላሂ ፎርማጆ ናቸው። ከመቋዲሾ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወደ አገራቸው።

ሌላ ታሪክ አለ ብያችኋለሁ። ከዚህ ሦስት ወር አልፎት ነው፤ የካቲት 2003። ስኮትና ጂን አዳም የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ነበሩ። እርሳቸው ከፊልም ሥራ ጡረታ የወጡ፣ እርስዋ የጥርስ ሐኪም የነበሩ። ኩዌስት በምትባል ጀልባ ዓመታት ዓለምን ሲዞሩ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው በየደረሱበት ደሴት ያድሉ ነበር። ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ወደ ኦማን ሲያመሩ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ሊወርዱ ሲያስቡ ተያዙ። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ተከታትለው ደረሱ፣ ድርድርም ተጀመረ። የካቲት 15 ቀን ጀልባዋ ላይ ተኩስ ተሰማ። የአሜሪካ ወታደሮች ሲወጡ አራቱም ተመተው ነበር፤ አንዳቸውም አልተረፉም። ነፍስ ይማር። የዌቭ ናይት አዛዥ ያልተኮሰበትን ጥቅምት ከዚህ ጋር አድርጋችሁ አስቡት።

ከዚያ በኋላ መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ ይዘው መሄድ ጀመሩ፣ የብዙ አገር ባሕር ኃይሎች ጠረፉን ጠበቁ፣ ከ2004 ወዲህ እገታው በእጅጉ ቀነሰ። ሰላም የሆነ ሲመስል ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከየመን የሚተኮስ ሚሳይል በቀይ ባሕር ላይ መውረድ ጀመረ። ስለዚህ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ አውሮፓ የሚመለሱ ብዙ ጡረተኞች ከሲሸልስ ወይም ከማዳጋስካር ወደ ደቡብ ታጥፈው የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ይዞራሉ። እዚያ የአጉልሃስ ጅረት ከደቡብ ነፋስ ጋር ሲጋጭ ማዕበሉ ቤት ያክላል። ያንን ይመርጣሉ። ማዕበል ገንዘብ አይጠይቅም፣ ባልን ከሚስትም አይለይም።

ቻንድለሮቹስ? ሊን ራይቫልን ባዶዋን ከባሕር አንሥታ እስከ እንግሊዝ ያደረሰቻት ያችው ዌቭ ናይት ነበረች። ባልና ሚስቱ ከሦስት ዘመድ ቀብር እንደተመለሰ ሰው ዝለው አገራቸው ሲገቡ ጀልባቸው ቀድማቸው ገብታ አገኟት። የሆነባቸውን በመጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፉ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ ጀልባዋን ማደስ ያዙ። ወዳጅ ዘመድ በቃችሁ ሳይላቸው የቀረ አይመስለኝም፤ እኔም አጠገባቸው ብሆን እላቸው ነበር። እነርሱ ግን በሌላ ዓይን አይተውታል። ለ388 ቀን ያሠራቸው መሬት ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ባሕሩ ባለፉት ዓመታት ሁሉ አድርሶ መልሷቸዋል። በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ከተፈቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሊን ራይቫል ከእንግሊዝ ጠረፍ ወጣች። ሁለቱም ተሳፍረዋል።